እይታ ባለው ሬስቶራንት የከሰዓት ሻይ፦ ከቦታ መረጣ እስከ መጨረሻው ሲኒ

እናቴ ጡረታ በወጣች ሰሞን ሰባት ሆነን ሐይቅ ዳር ወዳለ አንድ ሬስቶራንት ለከሰዓት ሻይ ሄድን። ቦታ ያስያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ መስኮት ዳር ያለውን ትልቁን ጠረጴዛ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ። ምንም የቀረኝ ነገር ያለ አልመሰለኝም። ሻዩ መቀዳት ሲጀምር ፀሐይዋ ትክክል ፊት ለፊታችን መጣች። እናቴ በአንድ እጇ ዓይኗን ከልላ በሌላው ሳንድዊች ማንሳት ጀመረች፣ አስተናጋጁም አዝኖልን መጋረጃውን ሳበው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያየነው መጋረጃ ብቻ ነው። ሲገለጥ ሐይቁ ጠቁሮ ነበር። ምግቡም ሻዩም ጥሩ ነበር፤ እናቴ ግን ያን ውሃ ሳታየው ተመለሰች። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ግብዣ ሳሰናዳ ከሜኑ አልጀምርም። የምጀምረው ፀሐይ ከምትጠልቅበት ደቂቃ ነው። ከዚያች ደቂቃ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ መቼ እንደምንቀመጥ፣ የትኛው ሻይ መቼ እንደሚመጣ፣ ሒሳቡም መቼ እንደሚከፈል እወስናለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን ቆጠራ ተከትሎ የሚሄድ ነው።

ከመደወልዎ በፊት፦ «ሃይ ቲ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ሬስቶራንቶች «ሃይ ቲ» እና «አፍተርኑን ቲ» (የከሰዓት ሻይ) የሚሉትን ስም አቀያይረው ይጠቀማሉ። በመነሻቸው ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የከሰዓት ሻይ ልማድ ከእንግሊዛዊቷ የቤድፎርድ ዱቼስ ከአና ማሪያ ራስል ጋር ተያይዞ ይነገራል። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1840 ገደማ ነው። በዚያ ዘመን በባለጸጎቹ ቤት የራት ሰዓት እየዘገየ ወደ ምሽቱ 2 ሰዓት ተጠግቶ ነበርና፣ ከምሳ እስከ ራት ያለው ረሃብ ሲበረታባት ሻይ ከዳቦና ቅቤ፣ ከኬክ ጋር ወደ ክፍሏ እንዲመጣላት ማዘዝ ጀመረች፤ ቆይታም ወዳጆቿን ትጋብዝ ጀመር። ሃይ ቲ ደግሞ የሠራተኛው ቤት ምግብ ነበር፦ ከሥራ መልስ፣ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በመመገቢያ ጠረጴዛ ላይ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ ዳቦና ጠንከር ያለ ሻይ የሚቀርብበት እውነተኛ ራት። የከሰዓት ሻይ በሳሎን ዝቅ ባለ ጠረጴዛ፣ ይሄኛው ከፍ ባለው የምግብ ጠረጴዛ ስለሚቀርብ «ሃይ» የሚለው ስም ከዚያ መጣ የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

ይህን ያነሳሁት ለታሪኩ ብቻ አይደለም። ዛሬ «ሃይ ቲ» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊጠብቁት ይችላሉ። በባለ ሦስት ደርብ ሳህን የሚቀርብ የከሰዓት ሻይ አለ። ትኩስ ምግብ ያለበት አለ። በሲንጋፖርና በማሌዥያ እንደተለመደው ደግሞ እየተነሱ የሚያነሱት ቡፌ አለ። ለእይታ ብለው ከሆነ የሚሄዱት ቡፌውን ይተዉት። በቡፌ ከተቀመጡበት አምስት ጊዜ ይነሳሉ፤ ጨዋታው ይቆራረጣል፣ ግማሹን ጊዜም ለመስኮቱ ጀርባዎን ሰጥተው ይቆማሉ። «ጠረጴዛው ላይ ነው የሚቀርበው ወይስ ቡፌ ነው?» የሚለው ጥያቄ ስልክ ሲያነሱ የመጀመሪያው ይሁን።

ደረጃ 1፦ ከፀሐይ መጥለቂያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ

የዕለቱን የፀሐይ መጥለቂያ ሰዓት ስልክዎ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ይነግርዎታል። «ከሰዓት በኋላ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ለንደን ውስጥ በዲሴምበር አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው ገና 10 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ በጁን መጨረሻ ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ። በዚያ ከተማ በ10 ሰዓት የተያዘ ጠረጴዛ በአንዱ ወር ከጨለማ፣ በሌላው ወር ከጠራራ ፀሐይ ጋር ይገጥማል ማለት ነው። ወደ ምድር ወገብ በተጠጉ ቁጥር ልዩነቱ እየጠበበ ሄዶ የደቂቃዎች ይሆናል።

መተግበሪያው የሚሰጥዎት ሰዓት ግን ለሜዳና ለባሕር አድማስ የሚሠራ ነው። በምዕራብ በኩል ተራራ ወይም ረጅም ሕንፃ ካለ ፀሐይ ቀድማ ትሸሸጋለች። ቦታውን አስቀድመው ማየት ከቻሉ እጅዎን ወደ ፊት ሙሉ በሙሉ ዘርግተው አራቱን ጣቶች አግድም ያጋጥሙ፤ የታችኛዋን ጣት ከተራራው ጫፍ ጋር ያስተካክሉ። የአራት ጣት ስፋት 8 ዲግሪ ያህል ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ በሰዓት ወደ 15 ዲግሪ ስለምትወርድ፣ ከጣቶችዎ በላይ ጫፏ ብቅ ያለች ፀሐይ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቀርቷታል። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ርቀው ከሄዱ አወራረዷ አግድም ያደላል፣ ያው አራት ጣት ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። ፀሐይዋን ግን አተኩረው አይዩ፤ በጣትዎ ከልለው በጨረፍታ ይበቃል።

ቀጥሎ ቆጠራው። ብዙ ሬስቶራንቶች ለከሰዓት ሻይ ጠረጴዛውን የሚሰጡት ለ90 ደቂቃ ወይም ለ2 ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ከሆነ፣ ከመጥለቂያው 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ቀድመው ይቀመጡ፤ 90 ደቂቃ ከሆነ 1 ሰዓት ከሩብ። በሁለቱም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ 15 ደቂቃ ይተርፍዎታል፤ ያቺ 15 ደቂቃ ለምን እንደምታስፈልግ ወደ መጨረሻው እመለስባታለሁ። ለምሳሌ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከ15 ላይ ከሆነና ጠረጴዛው ለሁለት ሰዓት ከተሰጠ፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መቀመጥ ነው። እንግዶችዎ የሚያረፍዱ ዓይነት ከሆኑ 10 ሰዓት ይበሏቸው።

ደረጃ 2፦ መስኮቱ ወደ የት ያያል?

«መስኮት ዳር ይሁንልን» ማለት በቂ እንዳልሆነ በእናቴ ግብዣ ተምሬያለሁ። መጠየቅ ያለበት መስኮቱ የሚያየው አቅጣጫ ነው።

ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ጀምበሯን ሲያሳይ ድንቅ ነው፤ ዋጋው ግን በመጨረሻው ሰዓት ተኩል ዓይን ውስጥ የሚገባ ብርሃን ነው። እሱን ከመረጡ ጠረጴዛው ወደ ጎን ዞሮ ማንም ፀሐይዋን ፊት ለፊት እንዳያይ ያድርጉ፤ የፀሐይ መነጽር ይዛችሁ ኑ ብለውም ለእንግዶችዎ ይንገሩ።

የእኔ ምርጫ ወደ ምሥራቅ የሚያየው ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ ፀሐይ የምትጠልቀው በሌላ በኩል ነዋ! ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ፀሐይዋ ከኋላዎ ስትሆን ብርሃኗ በሙሉ የሚያርፈው ከፊትዎ ባለው ተራራ፣ ውሃ ወይም ከተማ ላይ ነው። ዓይን ሳይጨነቅ ቀለሙ ከቢጫ ወደ ብርቱካን፣ ከብርቱካን ወደ ሐምራዊ ሲሄድ ቁጭ ብለው ያያሉ። እናቴን ሁለተኛ ጊዜ የወሰድኳት እንዲህ ወዳለ ቦታ ነበር። የተራራው ጥላ ከሸለቆው ተነሥቶ ቀስ እያለ ገደሉን ሲወጣ አንድ ሲኒ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ይዛ አየችው።

ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚያዩት መስኮቶች መካከለኛ ናቸው፤ ብርሃኑ የተረጋጋ ነው፣ ለጨዋታ ይመቻል።

ከተቻለ በዚያው ሰዓት አንድ ቀን ቀድመው ይሂዱና ወንበሩ ላይ ቁጭ ይበሉ። ቆመው ያዩት እይታ ተቀምጠው የሚያዩት አይደለም። የበረንዳ አጥር የላይኛው ብረት ብዙ ጊዜ በትክክል ከተቀመጠ ሰው ዓይን ጋር ይገጥማል፤ ሐይቁን ለሁለት ይከፍለዋል። ዓምድ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የወጥ ቤት በር፣ ድምፅ ማጉያ፣ እነዚህም የሚታወቁት ቁጭ ሲሉ ነው። መሄድ ካልቻሉ ለሬስቶራንቱ ደውለው «እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ያያል?» ብለው ይጠይቁ። ደህና አስተናጋጅ ሄዶ ተቀምጦ ይነግርዎታል።

በረንዳ ወይስ ውስጥ? ነፋስ ካለ ያለ ማመንታት ውስጥ። የሻይ ሲኒ አፉ ሰፊ ስለሆነ ነፋስ ላይ በደቂቃዎች ይቀዘቅዛል፤ ቀጫጭኑ የሳንድዊች ዳቦም ጠርዙ ይደርቃል። በረንዳውን ከመረጡ በመስታወት ወይም በግድግዳ የተከለለውን ጥግ ይጠይቁ፣ በራዱም ልብስ እንዲለብስ ያድርጉ። ማርማላታ ባለበት ንብ አይጠፋም፤ ክዳን ያለው ዕቃ ማዘዝ ነው።

ከእንግዶችዎ መካከል ከፍታ የሚያስፈራው፣ ደረጃ መውጣት የሚያቅተው ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ካለ ሁሉም ከዚያ ሰው መጀመር አለበት። እይታ ያላቸው ቦታዎች ብዙ ጊዜ ደረጃ ይበዛባቸዋል። «ሊፍት አለን» ሲሏችሁ እስከ በረንዳው ድረስ ይደርስ እንደሆነ ይጠይቁ፤ አንድ ፎቅ አስቀርቶ የሚቆም ሊፍት ገጥሞኛል።

ደረጃ 3፦ ሲደውሉ የሚያነሷቸው ነጥቦች

ይህን አጭር አደርገዋለሁ። የሰው ቁጥር፤ ስንዴ፣ ወተት፣ እንቁላል ወይም ለውዝ የማይስማማው ሰው መኖሩ (ወጥ ቤቱ ስኮኑን፣ ማለትም በማርማላታና በክሬም የሚበላውን ትንሽ ክብ ዳቦ፣ በሌላ ዱቄት እንዲጋግር ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ መስማት አለበት)፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ የማይበላ ሰው መኖሩ፤ ሻይ ሲያልቅ ይሞላ እንደሆነ፤ ዋጋው የአገልግሎት ክፍያን ይጨምር እንደሆነ፤ ቅድሚያ ክፍያ ካለ ደመና ወይም ዝናብ ሲመጣ ቀኑን ማዛወር ይቻል እንደሆነ። የመጨረሻው በተለይ ለእይታ ለሚሄድ ሰው ወሳኝ ነው። ጉም ሲወርድ ተራራውም ባሕሩም አንድ ነጭ ግድግዳ ይሆናልና።

አንድ ልመና ደግሞ ይጨምሩ፦ «ሦስቱን ደርብ በአንድ ጊዜ አታምጡብን፤ ስኮኑን ሳንድዊቹ ካለቀ በኋላ ትኩስ አድርጋችሁ አምጡልን።» ብዙዎቹ በደስታ ይስማማሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስኮን ከእሳት ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ልስላሴው ይሄዳል።

ደረጃ 4፦ ሻዩን ከምግቡና ከከፍታው ጋር ያዛምዱ

ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ኡሎንግ የሚባሉት ሁሉ ካሜሊያ ሳይነንሲስ ከሚባል አንድ ተክል የሚገኙ ናቸው፤ የሚለያዩት ቅጠሉ ከተለቀመ በኋላ በሚደረግበት አያያዝ ነው። ካሞሚል፣ ሚንትና ሩይቦስ በሜኑ ላይ ከሻይ ጋር ቢሰለፉም ሌሎች ዕፅዋት ናቸው።

ሁለት በራድ ሁለት ዓይነት ሻይ ቢያዝዙ ጥሩ ነው። ከሳንድዊች ጋር ቀለል ያለ ይሂድ፤ ዳርጂሊንግ የሚባለው የህንድ ሻይ፣ በተለይ የዓመቱ የመጀመሪያ ለቀማ፣ ከኪያርና ከዓሣ ጋር ይስማማል። ከስኮንና ከክሬም ጋር ሌላው የህንድ ሻይ አሳም ይሻላል፤ ጠንካራ ነው፣ ወተትም ይችላል። ኤርል ግሬይ ቤርጋሞት በተባለ ፍሬ ልጣጭ ዘይት የሚያውድ ጥቁር ሻይ ስለሆነ ሎሚ ካለበት ኬክ ጋር ጥሩ ነው። ላፕሳንግ ሱሾንግ በጥድ ጭስ የሚደርቅ የቻይና ጥቁር ሻይ ነው፤ ጭሱን የሚወድ ይወደዋል፣ ለማያውቁት እንግዶች ግን በመጀመሪያው በራድ አላዝም።

ልኩ ለ200 ሚሊ ሊትር ውሃ ከ2 እስከ 2.5 ግራም ቅጠል ነው። ጥቁር ሻይ የፈላ ውሃ ይፈልጋል፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆያል። አረንጓዴው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ ከ2 ደቂቃ አይለፍ፤ የፈላ ውሃ ከነካው ይመራል። ሻዩ ሲዘጋጅ እርስዎ ወጥ ቤት ውስጥ አይሆኑም፤ ሆኖም ሁለት ነገሮች በእጅዎ ናቸው። በራዱ ሲመጣ «መቼ ነው የተነከረው?» ብለው ይጠይቁ። ቅጠሉ በራዱ ውስጥ የሚቀር ከሆነም ሌላ ባዶ በራድ ያስመጡና ጊዜው ሲደርስ በማጥለያ ወደዚያ ይገልብጡት። ይህን የማያደርግ ሰው የመጀመሪያውን ሲኒ ቀጭን፣ ሦስተኛውን ጎምዛዛ አድርጎ ይጠጣል።

አሁን ብዙ መመሪያ የማያነሳው ጉዳይ። እይታ ያለው ሬስቶራንት ብዙ ጊዜ ከፍታ ላይ ነው። ውሃ ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፦ በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ይቀንሳል። 1,500 ሜትር ላይ የፈላ ውሃ 95፣ 3,000 ሜትር ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ነው። ካናዳ ውስጥ በሮኪ ተራሮች የሚገኘው የሌክ አግነስ ሻይ ቤት 2,135 ሜትር ላይ ነው የተቀመጠው፤ የካናዳ ፓስፊክ የባቡር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1901 ለእግር ተጓዦች መጠለያ አድርጎ ሠራው፣ ከ1905 ጀምሮም ሻይ ይቀርብበታል። እዚያ ውሃው ቢንተከተክም 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ጥቁር ሻይ «ቀጠነ» ብለው አስተናጋጁን ከመውቀስ በፊት አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይጨምሩለት። ወይም ቅጠሉ የተሰባበረውን ዓይነት ያዝዙ፤ ቶሎ ይወጣል። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ አረንጓዴ ወይም ኡሎንግ ማዘዝ ነው፤ እነዚህን ዝቅ ያለው ሙቀት አይጎዳቸውም።

ወተትና ሎሚ በአንድ ሲኒ አይገናኙ፤ ሎሚው ወተቱን ያቆራርጠዋል። እንቅልፍ ለሚያስቸግረው እንግዳ ደግሞ ካፌይን የሌለው ሩይቦስ ወይም ካሞሚል ይዘዙለት። ካፌይን ከሰውነት ግማሹ እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃልና፣ 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ጥቁር ሻይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይም ግማሽ ያህሉ አለ።

ደረጃ 5፦ ሳህኑ ሲመጣ

ከታች ወደ ላይ ነው የሚበላው፤ ከጨዋማው ወደ ጣፋጩ። የታችኛው ደርብ ሳንድዊች፣ የመካከለኛው ስኮን፣ የላይኛው ኬክና ጣፋጭ ይሆናል። አንዳንድ ቤት ስኮኑን ላይ ያደርገዋል፤ ቦታው ቢቀያየር ቅደም ተከተሉን አይቀይሩ።

ሳንድዊቹ በሁለት ጉርሻ የሚያልቅ ትንሽ ነገር ነው፤ በእጅ ነው የሚበላው። የዳቦው ጠርዝ ተቆርጦለታል፣ ስለዚህም ቶሎ ይደርቃል። ፎቶ ላንሳ፣ ጨዋታው ይለቅ እያሉ 20 ደቂቃ ካሳለፉት ያ ለስላሳነቱ ይጠፋል። የፀሐይ ብርሃን ገና ጠንካራ በሆነበት በመጀመሪያው ሰዓት ሳንድዊቹን መጨረስ ከእይታውም አንፃር ጥቅም አለው፤ በዚያ ሰዓት ከመስኮቱ ውጪ የሚለዋወጥ ብዙ ነገር የለም፣ ዓይን ሳህኑ ላይ ቢሆን ምንም አይቀርበትም።

ስኮኑን በቢላ አይቁረጡት። በደንብ የተጋገረ ከሆነ ወገቡ ላይ መሰንጠቂያ መስመር አለው፤ በእጅ ሲይዙት ለሁለት ይከፈላል። ማርማላታና ክሬም መጀመሪያ ወደ ራስዎ ሳህን ይውሰዱ፣ ከዚያ ይቀቡ፤ ከጋራው ዕቃ በቀጥታ ወደ ስኮን አይሄድም። የቱ ይቅደም የሚለው ክርክር በእንግሊዝ ሁለት ጎረቤት አውራጃዎችን ከፍሏል፦ ኮርንዎል ማርማላታውን አስቀድሞ ክሬሙን ላዩ ላይ ያደርጋል፣ ዴቨን ክሬሙን እንደ ቅቤ ቀብቶ ማርማላታውን ያስከትላል። እኔ የኮርንዎሉን እመርጣለሁ፤ ስኮኑ ትኩስ ከሆነ ክሬሙ ከታች ሲሆን ይቀልጣል። ክሬሙ ክሎትድ ክሬም (በዝግታ ሞቆ የረጋ ወፍራም ክሬም) ከሆነ ጥቂት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአውሮፓ የአካባቢ ስም ጥበቃ ያገኘው የኮርንዎሉ ቢያንስ 55 በመቶ ቅባት አለው፤ ሁለት ስኮን በክሬም ሞልቶ የበላ ሰው ኬኩ ጋ አይደርስም።

ለኬኩ አትቸኩሉ። ኬክ ነፋስም መቆየትም ብዙ አይጎዳውም፤ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት የእሱ ነው።

ደረጃ 6፦ አቀዳድና አያያዝ

የሚቀዳው ጋባዡ ነው፣ ወይም ጋባዡ በአክብሮት የጠየቀው ሰው። ለሁሉም ከተቀዳ በኋላ ለራስ ይቀዳል። ሲኒው እስከ አፉ አይሞላም፤ ወተት የሚጨምር ሰው ቦታ ያስፈልገዋል። ማንኪያው ሲኒው ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ወዲያና ወዲህ ይሂድ፣ ከዚያም ወጥቶ ከሲኒው ጀርባ ሳህኑ ላይ ይረፍ። ትንሿን ጣት ቀጥ ማድረግ አያስፈልግም፤ የሲኒውን ጆሮ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጦ መያዝ ይበቃል። ጠረጴዛው ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ወይም እይታውን ለማየት ተነሥተው ወደ መስኮቱ ከቀረቡ፣ ሲኒውን ከነሳህኑ ያንሱት።

ደረጃ 7፦ ፎቶ

ምግቡ ሳይነካ አሥር ደቂቃ ለፎቶ ይስጡ፣ ከዚያ ስልኩ ቦርሳ ይግባ። ይህን ለእንግዶች በግልጽ ብናገር ቅር ያለው ሰው አላጋጠመኝም። በመስታወት ውስጥ ሲያነሱ የስልኩን ሌንስ መስታወቱ ላይ ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ያስጠጉት፣ ፍላሹን ያጥፉ፤ የክፍሉ ነጸብራቅ ይጠፋል። ሰውን ከእይታው ጋር ማንሳት ከፈለጉ ሰውየውን መስኮቱን ጀርባ ሰጥቶ አያቁሙት፣ ፊቱ ይጠቁራል። በጎኑ ይቁም፤ ብርሃኑ ግማሽ ፊቱ ላይ ይረፍ።

ደረጃ 8፦ የመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት

ፀሐይ ልትጠልቅ 30 ደቂቃ ሲቀራት አስተናጋጁን ይጥሩና አራት ነገር በአንድ ጊዜ ይንገሩት፦ ያለቁትን ሳህኖች ያንሳልን፤ አዲስ በራድ ሻይ ያምጣልን፤ ሒሳቡን አሁን እንክፈል፤ ከጠረጴዛችን በላይ ያለውን መብራት ያጥፋልን።

ሒሳቡን ቀድሞ መክፈል ለምን እንደሚጠቅም አንድ ጊዜ ካዩት አይረሱትም። ሰማዩ በሚያምርባት ደቂቃ ካርድ መፈለግ፣ ለማን ስንት ደረሰ መባባል፣ የክፍያ ማሽን መጠበቅ የለም። የሚተዉት ጉርሻ ካለም ያኔውኑ ያስቀምጡት።

የመብራቱ ነገር ደግሞ የመስታወት ጠባይ ነው። ውጪው ከውስጡ ሲጨልም መስኮት መስታወትነቱን ትቶ መስተዋት ይሆናል፤ የሚያዩት ተራራውን ሳይሆን የራስዎን ፊትና የጣሪያውን አምፖል ነው። ከጠረጴዛው በላይ ያለው አንድ አምፖል ሲጠፋ እይታው ይራዘማል። ማብራት ግድ ነው ካሉ ከመስታወቱ በታች የሚቀመጥ ሻማ ይቀይሩላችሁ።

ፀሐይዋ ስትገባ አይነሱ። ብዙ ሰው በዚያች ቅጽበት ወንበሩን ይገፋል፣ ቦርሳውን ያነሳል፤ ዋናው ቀለም ግን ገና መምጣቱ ነው። ደመና ካለ ፀሐይዋ ከአድማስ በታች ሆና ከሥር ታበራዋለች፤ ቀዩ የሚጠነክረው ከገባች ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። ቀደም ሲል «ይተርፍዎታል» ያልኳት 15 ደቂቃ ለዚህ ናት። በምድር ወገብ አካባቢ ወገግታው ከ20 ደቂቃ ጥቂት አልፎ ይጨልማል፤ ለንደን ውስጥ በጁን ከ45 ደቂቃ በላይ ይቆያል። የመጨረሻውን ሲኒ የሚጠጡት በዚህ ጊዜ ነው፤ ሳህን በሌለበት፣ እጅ ባዶ ሆኖ። ወሬ ካልመጣ ዝም ይባል።

ሲወጡ መንገዱ ጨለማ እንደሚሆን አስቀድመው ያስቡ። ከፍታ ላይ ፀሐይ እንደገባች ቅዝቃዜው ወዲያው ይወርዳል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በሙቀት የመጣ ሰው ሹራብ አይዝም፣ ስለዚህ ለትልልቆቹ አንድ ሁለት ጋቢ ወይም ሻል መኪና ውስጥ ይኑርዎት። ደረጃው ላይ መብራት መኖሩን ሲገቡ ይመልከቱ። ከሌለ የስልክ ባትሪዎን በፎቶ አይጨርሱት፤ እሱ ነው የሚያወርዳችሁ።